የድሮ ስልት ጌሞች ወደ ዲጂታል መደብር እንዴት ይገባሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች ደጋግመው የሚያነሡት በድሮው ስልት ጌም የሚሠሩ ሰዎችና እነዚህን ጌሞች ፈልገው የሚገዙ ተጫዋቾች ናቸው። መልሶቹ በዋናነት የሚያተኩሩት የኮምፒውተር ጌም በሚሸጡ መደብሮች ላይ ሲሆን፣ የኮንሶል (ለጌም ብቻ የተሠራ መሣሪያ) እና የስልክ መደብሮች የሚለዩበት ነጥብ በቦታው ተጠቅሷል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የድሮ ስልት ጌም የሚባለው የትኛው ነው?

በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ተሠርቶ ዛሬ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ተስተካክሎ የሚሸጥ እውነተኛ የድሮ ጌም ነው። ሁለተኛው ዛሬ የተሠራ፣ ነገር ግን ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን ወይም የአጨዋወት ሥርዓቱን ከዚያ ዘመን የወሰደ አዲስ ጌም ነው። መደብሮች ሁለቱን የሚመዝኑት በተለያየ ሚዛን ነው። ለመጀመሪያው የሚነሣው ዋና ጥያቄ የመሸጥ መብቱ የማን ነው የሚል ሲሆን፣ ለሁለተኛው ግን ማን ይገዛዋል የሚል ነው። እዚህ ያሉት አብዛኞቹ መልሶች የሚመለከቱት ሁለተኛውን ነው።

ሁሉም መደብሮች የሚመርጡበት መንገድ አንድ ነው?

አይደለም፤ ልዩነቱም ሰፊ ነው። በአንድ ወገን ማንኛውም ሰው አካውንት ከፍቶ ጌሙን በራሱ የሚጭንበት ኢች ዶት አይኦ አለ። በሌላው ወገን ደግሞ ሠራተኞቹ አይተው ያልፈቀዱትን የማይሸጠው ጎግ አለ። ኤፒክ ጌምስ ስቶር በዲሴምበር 2018 ሲከፈት ራሱ እየመረጠ የሚያስገባ መደብር ነበር፤ በማርች 2023 ግን አልሚዎች (ጌም ሠሪዎች) መስፈርቱን አሟልተው በራሳቸው እንዲያትሙ ፈቀደ።

የስቲም ታሪክ ከሁሉም ይልቅ ብዙ የሚያስተምር ነው። ባለቤቱ ቫልቭ በ2003 ሲጀምረው የራሱን ጌሞች ለማደስና ለማከፋፈል ነበር፤ ከ2005 ጀምሮ የሌሎችን ጌም መቀበል ሲጀምርም የሚገባውንና የማይገባውን የሚወስኑት የድርጅቱ ሠራተኞች ነበሩ። በኦገስት 2012 ግሪንላይት የተባለው አሠራር መጣና ምርጫው ለተጫዋቾች ድምፅ ተሰጠ። ማመልከት መጀመሪያ ላይ በነጻ ስለነበር በጥቂት ቀናት ውስጥ የቀልድ ማመልከቻዎችና የሌላ ሰው ሥራዎች ስላጥለቀለቁት፣ ለበጎ አድራጎት የሚውል የ100 ዶላር ክፍያ ተጣለ። ኤሪክ ባሮን የተባለ አንድ ሰው ለብቻው የሠራው የእርሻ ጌም ስታርዲው ቫሊ ወደ ስቲም የገባው በዚህ መንገድ ነው። ግሪንላይት ብዙ ድክመት ነበረበት፤ ድምፅ የሚሰበስቡ ሰዎች ነጻ ቅጂ እያደሉ የሚያልፉበት ጊዜም ነበር። ሆኖም ለድሮ ስልት ጌሞች ትልቅ ውለታ እንደዋለ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አንድ የመደብር ሠራተኛ «ይህ ዛሬ ገበያ የለውም» ብሎ የሚያልፈውን ጌም ለዓመታት ሲናፍቁት የኖሩት ተጫዋቾች ራሳቸው መጥተው ይመርጡት ነበር። በጁን 2017 ግሪንላይት ተዘግቶ ስቲም ዳይሬክት ሲተካው ድምፅ መስጠቱ ቀረ፤ ለእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር የሚከፍልና ሰነዱን የሚያሟላ ሁሉ መግባት ቻለ።

ስቲም ላይ 100 ዶላር ከከፈልኩ በኋላ ጌሜን የሚያየው ሰው አለ?

አለ፤ ነገር ግን የሚያየው ጥሩ መሆኑን ለመመዘን አይደለም። ገምጋሚው የሚያረጋግጠው ጌሙ መከፈቱን፣ በመደብሩ ገጽ ላይ ይደግፋል የተባለው ነገር በእርግጥ መኖሩን፣ ምስሎቹ ከጌሙ ውስጥ የተወሰዱ መሆናቸውን፣ ይዘቱም በትክክል መገለጡንና ሕገ ወጥ አለመሆኑን ነው። ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ የመጀመሪያው ጌም እስኪለቀቅ 30 ቀን መጠበቅ ግዴታ ሲሆን፣ «በቅርቡ ይወጣል» የሚለው ገጽም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ክፍያው የሚመለሰው ጌሙ 1,000 ዶላር ገቢ ካስገኘ በኋላ ነው።

ስለዚህ «ስቲም ጌሜን ተቀብሎታል» የሚለው ዜና ስለ ጌሙ ጥራት የሚናገረው ምንም ነገር የለም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ከብዙ ቅሬታ ያድናል።

በሩ ለሁሉም ክፍት ከሆነ መደብሩ የሚመርጠው ምኑን ነው?

የሚታየውን ይመርጣል። ምርጫው አልቀረም፤ ከበሩ ወደ መደርደሪያው ተዛወረ እንጂ። በ2024 ብቻ ስቲም ላይ ከ18,000 በላይ አዳዲስ ጌሞች ወጥተዋል፤ ይህም በቀን በአማካይ ወደ 50 ይጠጋል። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው በፊት ገጽ እንደሚወጣ፣ የትኛው ለየትኛው ተጫዋች እንደሚቀርብ የሚወስነው በአብዛኛው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚከተለው ደግሞ የሰዎችን ድርጊት ነው።

ከድርጊቶቹ ዋነኛው ጌሙን ወደ ምኞት ዝርዝር ማስገባት ነው። ጌሙ ሲወጣ በዝርዝራቸው ውስጥ ያስገቡት ሰዎች ኢሜይል ይደርሳቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽያጭ ከዚያ ይመጣል፤ ሽያጩ ሞቅ ካለ መደብሩ ጌሙን ለሌሎችም ማሳየት ይጀምራል። ጌሙ ሳይታወቅ ከወጣ ግን ይህ ሰንሰለት ገና ከመነሻው ይበጠሳል። ከሽያጭ በኋላ የሚመጣው የገዢዎች አስተያየት ነው። 10 አስተያየት እስኪሞላ ድረስ በገጹ ላይ «አዎንታዊ» ወይም «የተደባለቀ» የሚል የጥቅል ፍርድ አይወጣም፤ ፍርድ የሌለውን ገጽ ደግሞ ብዙ ሰው አይቶት ያልፋል።

የድሮ ስልት ጌም እዚህ ላይ የራሱ ችግር አለበት። ተጫዋቹ መጀመሪያ የሚያየው ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ የሽፋን ሥዕል ነው። የጌሙ ጥንካሬ በውጊያው ሥርዓት፣ በካርታው አሠራር ወይም በጽሑፉ ላይ ከሆነ ያች ሥዕል አንዱንም አታሳይም። በመሆኑም የጌሙ ውስጥ በፒክስል፣ ማለትም በሚታዩ ትንንሽ ባለቀለም ነጥቦች፣ የተሣለ ቢሆንም የሽፋኑን ሥዕል ለብቻው በጥንቃቄ ማሠራት የተለመደ ነው፤ የ1980ዎቹ የጌም ካርቶኖችም እኮ ውስጣቸው ካለው ጥቂት ፒክስል እጅግ የራቀ ውብ ሥዕል ነበራቸው። ሁለተኛው መፍትሔ የሙከራ ቅጂ ነው። ስቲም ኔክስት ፌስት የተባለው ዝግጅት ያልወጡ ጌሞችን በሙከራ ቅጂ የሚያቀርብ ሲሆን አንድ ጌም የሚሳተፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በእጅ ሲሞከር እንጂ በዓይን ሲታይ ለማይገባ ጌም ይህ ዕድል ሳይዘጋጁ ገብተው የሚያባክኑት አይደለም።

ሠራተኞች እያዩ በሚመርጡበት መደብር ገምጋሚው ምን ይፈልጋል?

ጎግ በ2008 ጉድ ኦልድ ጌምስ በሚል ስም የተከፈተው እውነተኛ የድሮ ጌሞችን ለመሸጥ ነበር፤ ከ2012 ጀምሮ አዳዲስ ጌሞችንም ይሸጣል። ስለዚህ ብዙ አልሚዎች የድሮ ስልት ጌም ሁሉ እዚያ በቀላሉ የሚገባ ይመስላቸዋል። እውነታው ይህ አይደለም። መርጦ የሚሸጥ መደብር ለእያንዳንዱ ጌም የሰው ጊዜ ያወጣል፤ ገጹን የሚያዘጋጅ፣ ጌሙን የሚፈትሽ፣ ገዢ ሲቸገር የሚረዳ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ገምጋሚው የሚጠይቀው ጌሙ ጥሩ ነው ወይ ብቻ ሳይሆን፣ የእኛ ደንበኞች ይህን ጊዜ የሚያካክስ ያህል ይገዙታል ወይ የሚለውንም ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ ጥሩ ጌም ሊወድቅ ይችላል። በ2017 ዛክትሮኒክስ የተባለው ቡድን ኦፐስ ማግነም የተሰኘውን የእንቆቅልሽ ጌሙን ለጎግ አቀረበና ተቀባይነት አጣ። ቡድኑ ቀደም ሲል በሠራቸው የእንቆቅልሽ ጌሞች የታወቀ ነበር፤ ኦፐስ ማግነምም ስቲም ላይ ወዲያው ተወዳጅ ሆነ። ተጫዋቾች ሲቃወሙ ጎግ ውሳኔውን ለውጦ ለሽያጭ አቀረበው። ይህ ታሪክ የሚያሳየው ገምጋሚዎቹ ግድ የለሾች መሆናቸውን አይደለም፤ አንድ ሰው በአጭር ጊዜ ምልከታ ሊያየው የማይችለው የጌም ዓይነት መኖሩን ነው። የድሮ ስልት ጌሞች ከእነዚህ ዓይነቶች ግንባር ቀደም ናቸው። አርባ ሰዓት የሚፈጅ፣ ጣዕሙ ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ የሚገለጥ በየተራ የሚዋጉበት ጌም በሃያ ደቂቃ ሙከራ ሊፈረድለት አይችልም።

ስለዚህ በማመልከቻው ውስጥ ገምጋሚው በራሱ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ማቅረብ ይጠቅማል። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይልቅ ከጌሙ መካከል የተቀመጠ ቅጂ መላክ፣ ጌሙ የየትኞቹን የድሮ ጌሞች ተጫዋቾች እንደሚመለከት በግልጽ መጻፍ፣ በሌላ መደብር የተሸጠ ከሆነም የገዢዎችን አስተያየት ማያያዝ ከረጅም ምስጋና ይበልጣል። ጎግን በተመለከተ አንድ የማይታለፍ ግዴታ አለ፤ ጌሙ ገዢው ያለ ኢንተርኔት ማረጋገጫ አውርዶ ሊያስቀምጠው የሚችል፣ የቅጂ መቆለፊያ የሌለው መሆን አለበት።

ሥዕሉ ቀላል በመሆኑ ብቻ ጌም ውድቅ ይደረጋል?

ቀላል በመሆኑ ሳይሆን ግድ የለሽ በመምሰሉ ይደረጋል። ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ ሥዕሉ እጅግ ቀላል ነው፤ በዲሴምበር 2021 ስቲም ላይ የወጣውም በጥቂት ዶላር ነበር። በ2023 ግን በብሪታንያው የባፍታ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሏል። ገምጋሚን የሚያስፈራው የሥዕሉ ቀላልነት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ያየው ሥዕል መሆኑ ነው። አርፒጂ ሜከርን በመሰሉ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌሮች ውስጥ ተዘጋጅተው የሚመጡ ሥዕሎች፣ መስኮቶችና ድምፆች በሺህ በሚቆጠሩ ጌሞች ውስጥ ሳይለወጡ ስለሚገኙ፣ ጥሩ ታሪክ ያለው ጌም እንኳ በእነሱ ምክንያት ከተራ ጌሞች ጋር ይመደባል።

ሌላው የሚታይ ነገር የፒክስሎቹ እኩልነት ነው፤ ይህ ትንሽ ቢመስልም የሠሪውን ጥንቃቄ ወዲያው ይገልጣል። ጌሙ የተሣለው በ320 በ180 ፒክስል ነው እንበል። በ1920 በ1080 ስክሪን ላይ ሲሰፋ እያንዳንዱ ፒክስል በትክክል 6 እጥፍ ይሆናል፤ በ1280 በ720 ደግሞ 4 እጥፍ። በሁለቱም ላይ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ቁመቱ 240 ፒክስል የሆነ ጌም ግን በ1080 ስክሪን ላይ 4.5 እጥፍ ይሆናል። ግማሽ ፒክስል የሚባል ነገር ስለሌለ አንዱ ረድፍ 4፣ ቀጣዩ 5 ይሆንና ገጸ ባሕርይው ሲራመድ ፊቱ እየሰፋና እየጠበበ ይርገበገባል። ብዙ ሰው ምክንያቱን መናገር ባይችልም ጌሙ «ርካሽ» እንደሚመስል ይሰማዋል። መፍትሔው በ4 እጥፍ አስፍቶ በዙሪያው ጥቁር ጠርዝ መተው ወይም ገና ከመጀመሪያው የሥዕሉን መጠን አስቦ መምረጥ ነው።

የጽሑፍ መጠንም እንዲሁ ነው። ስቲም ዴክ በተባለው በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር ላይ «የተረጋገጠ» የሚለውን ምልክት ለማግኘት በ1280 በ800 ስክሪን ላይ ትንሿ ፊደል ከ9 ፒክስል ቁመት ማነስ የለባትም። በትልልቅ ፒክስል የተሠራ ጌም ይህን ያለ ችግር ያልፋል፤ የ1990ዎቹን የኮምፒውተር ጌሞች የሚከተሉ፣ ስክሪኑ በጥቃቅን ሰንጠረዦች የተሞላ ጌሞች ግን ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

የድሮውን ኮንሶል ገደብ በትክክል መጠበቅ ያስፈልጋል?

የሚያስገድድ መደብር የለም። የኒንቴንዶ የመጀመሪያው ታዋቂ ኮንሶል፣ በአጭሩ ኤንኢኤስ የሚባለው፣ ወደ 54 የሚጠጉ ቀለሞች ብቻ ነበሩት፤ በአንድ አግድም መስመር ላይም ከ8 በላይ ተንቀሳቃሽ ምስሎች ማሳየት ስለማይችል ጠላት ሲበዛ ምስሎቹ ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። በ2013 ኪክስታርተር በተባለው ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ከ311,000 ዶላር በላይ ተሰብስቦለት በ2014 የወጣው ሾቭል ናይት የዚያን ኮንሶል መልክ በጥንቃቄ ቢከተልም ሰፊ ስክሪን ተጠቅሟል፣ ጥቂት ቀለሞች ጨምሯል፣ ብልጭ ድርግም ማለቱን ደግሞ ጨርሶ ትቶታል። ተጫዋቹ የሚናፍቀው የዚያን ዘመን ስሜት እንጂ ጉድለቱን አይደለም፤ ይህን መለየት ከቻሉ ጌሞች መካከል ሾቭል ናይት እስከ ዛሬ ጥሩ አርአያ ነው። የድሮውን ችግር እንዳለ መያዝ ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ የደረሱበትን በየቦታው ማስቀመጥ (ሴቭ ማድረግ) ለማይቻልበት ጌም፣ ምርጫው ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን በገጹ ላይ መግለጽ ይበቃል።

በጣም የታወቀ የድሮ ጌምን የሚመስል ጌም መሸጥ ይቻላል?

የአጨዋወት ሐሳብን መውሰድ ይቻላል፤ የሐሳቡን አገላለጽ መቅዳት ግን አይቻልም። መስመሩ የት እንደሚያልፍ በግልጽ ያሳየው በ2012 በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የታየው የቴትሪስ ባለመብቶችና የዚዮ ኢንተራክቲቭ ክርክር ነው። ዚዮ ለአይፎን ያወጣው ጌም የቴትሪስን ሕግ ብቻ እንደወሰደ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ የመጫወቻውን 10 በ20 ልክ፣ የቁራጮቹን ቅርጽና መልክ፣ ቁራጩ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳየውን ጥላ ጭምር መቅዳቱን ተመልክቶ የቅጂ መብት መጣሱን ወስኗል። የሚወድቁ ቅርጾችን መደርደር የማንም አይደለም፤ የአንድን ጌም መልክ በሙሉ ማንሣት ግን መጣስ ነው።

በነጻ ማቅረብም አያድንም። በ2016 አንድ የሜትሮይድ አድናቂ የኒንቴንዶን የድሮ ጌም ለዓመታት ደክሞ ዳግም ሠርቶ በነጻ ቢለቅቅም፣ በኒንቴንዶ ጥያቄ ማውረጃው ወዲያው እንዲነሣ ተደርጓል። ሥራው እጅግ የተዋጣለት ነበር፤ ስሙና ገጸ ባሕርያቱ ግን የእርሱ አልነበሩም።

መደብሮች ስለ መብት የሚጨነቁት ባለመብቱ ሲከስ ጌሙን ማንሣትና ለገዢዎች ገንዘብ መመለስ ስለሚኖርባቸው ነው። በሌላ ሰው የተሠራ ሥዕል ወይም ሙዚቃ የተጠቀመ አልሚ የፈቃዱን ሰነድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስቀመጥ አለበት። ከድሮ ካርትሪጅ የተቀዳ ድምፅ ወይም ፊደል «ማንም አያውቀውም» ተብሎ የሚገባ ነገር አይደለም፤ የድሮ ጌም ወዳጆች በአንድ ጆሮ ሰምተው ይለዩታል።

እውነተኛ የድሮ ጌሞችስ ለምን በመደብር አይገኙም?

ብዙውን ጊዜ ችግሩ የቴክኒክ አይደለም። ዶስቦክስን የመሰሉ ሶፍትዌሮች የ1990ዎቹን የኮምፒውተር ጌሞች ዛሬ ያሠራሉ፤ መደብሮችም ከጌሙ ጋር አያይዘው ያቀርቧቸዋል። የሚከብደው ፊርማ የሚያኖረውን ሰው ማግኘት ነው። ሲስተም ሾክ 2 የተባለውን የ1999 ጌም የሠራው ሉኪንግ ግላስ በ2000 ሲዘጋ መብቱ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት እጅ ገባ። ጌሙ በጎግ ተጠቃሚዎች ዘንድ አብዝተው ከሚፈለጉት አንዱ ሆኖ ሳለ ለዓመታት ሳይሸጥ ቆየ፤ ናይት ዳይቭ የተባለው አነስተኛ ድርጅት ከመድን ድርጅቱ ጋር ተደራድሮ ሲስማማ ነው በ2013 ለሽያጭ የበቃው።

መብት እጅ ሲለውጥም ጌም ከመደብር ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ የፎልአውት ጌሞች በ2013 መጨረሻ ከጎግ ተነሥተው በአዲሱ ባለመብት ፈቃድ በ2015 ተመልሰዋል። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጌሞች 87 ከመቶው በገበያ ላይ በሕጋዊ መንገድ እንደማይገኙ አስታውቋል። በማርች 2023 ኒንቴንዶ የ3ዲኤስና የዊ ዩ መደብሮቹን ሲዘጋ ደግሞ በሌላ ቦታ የማይሸጡ ጌሞች አብረው ከገበያ ወጥተዋል። ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ጉዳት አይደለም። ጎግ በኖቬምበር 2024 በ100 ጌሞች የጀመረው የጥበቃ ፕሮግራም፣ ማለትም ጌሞቹ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ መሥራታቸውን በራሱ ኃላፊነት ለማስቀጠል የገባው ቃል፣ ከመደብሮች በኩል ካየሁት ሁሉ የተሻለው እርምጃ ነው።

የኮንሶልና የስልክ መደብሮች በምን ይለያሉ?

የኮንሶል መደብሮች አልሚውን አስቀድመው ይመዘግባሉ፤ ጌሙንም ከመለቀቁ በፊት በራሳቸው የቴክኒክ ዝርዝር ይፈትሹታል። የዕድሜ ደረጃ ማግኘትም ግዴታ ነው፤ የደረጃው ለውጥም ጌምን ከመደብር ሊያወርድ ይችላል። የድሮ ስክሪን መልክ ያለው የመጫወቻ ካርታ ጌም ባላትሮ በፌብሩዋሪ 2024 ሲወጣ ለሁሉም ዕድሜ የተፈቀደ ነበር። ወዲያው ደረጃው ቁማርን ያሳያል በሚል ወደ 18 ከፍ ሲደረግ ከአንዳንድ የኮንሶል መደብሮች ለጊዜው ወረደ፤ በ2025 ፔጊ የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ሰጪ ወደ 12 ዝቅ አድርጎታል። በጌሙ ውስጥ በገንዘብ መወራረድ የለም። የድሮ ጌሞችን ተከትለው ትንንሽ የካዚኖ ጨዋታዎችን የሚያስገቡ አልሚዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

ስልክን በተመለከተ አፕል በዓመት 99 ዶላር፣ ጉግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ያስከፍላሉ። የአፕል ገምጋሚዎች ከሌሎች ጋር በጣም የሚመሳሰሉ ጌሞችን ስለሚመልሱ፣ ቀላል የድሮ ስልት ጌም የሚለይበትን ነገር በመጀመሪያው ደቂቃ ማሳየት አለበት። ሌላው አደጋ ዕድሳት ነው፤ አፕል በ2017 በቀድሞው ባለ 32 ቢት አሠራር የተሠሩ አፕሊኬሽኖችን መደገፍ ሲያቆም አልሚዎቻቸው ያላደሷቸው በርካታ ጌሞች ጠፍተዋል።

ኢሙሌተር በመደብር ማቅረብ ይቻላል?

ኢሙሌተር የአንድን ኮንሶል ጌሞች በሌላ መሣሪያ ላይ የሚያሠራ ሶፍትዌር ነው፤ መልሱ እንደ መደብሩ ነው። አፕል በኤፕሪል 2024 የድሮ ኮንሶል ኢሙሌተሮችን ፈቅዷል። ስቲም ላይ ሬትሮአርክ የተባለው ኢሙሌተር ይገኛል፤ የኒንቴንዶን ኮንሶሎች ጌሞች የሚያሠራው ዶልፊን ግን በ2023 ቫልቭ ኒንቴንዶን ካነጋገረ በኋላ ገጹ ተነሥቷል። በየትኛውም መደብር የሌላ ሰው ጌም ከኢሙሌተሩ ጋር ማያያዝ አይፈቀድም።

የመደብሩ ኮሚሽንና የተመላሽ ገንዘብ ሕግ በድሮ ስልት ጌሞች ላይ ምን ለውጥ ያመጣሉ?

ስቲም ከሽያጩ 30 ከመቶ ይወስዳል፤ ድርሻው ወደ 25 የሚወርደው ከ10 ሚሊዮን ዶላር፣ ወደ 20 የሚወርደው ደግሞ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሆነው ገቢ ነው። ቅናሹ የሚጠቅመው ትልልቆቹን እንጂ አነስተኛ የድሮ ስልት ጌም ሠሪን አይደለም። ኤፒክ 12 ከመቶ ይወስዳል፤ ከጁን 2025 ጀምሮ ግን አንድ ጌም በዓመት ከሚያስገኘው የመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ዶላር ላይ ምንም አይወስድም፤ ኢች ደግሞ ድርሻውን አልሚው ራሱ እንዲወስን ይተዋል። ዝቅተኛ ኮሚሽን ማራኪ ቢሆንም የገዢው ብዛት ካነሰ ትርጉሙ ያንሳል።

የተመላሽ ገንዘብ ጉዳይ ይበልጥ ይነካል። ስቲም ከ2015 ጀምሮ ጌሙ ከተገዛ 14 ቀን ካላለፈውና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወቱት ገንዘቡን ይመልሳል። የ1980ዎቹን ጌሞች የሚከተል ጌም ደግሞ ጎበዝ ተጫዋች በአንድ ሰዓት ሊጨርሰው የሚችል ሊሆን ይችላል፤ ተደስቶ ጨርሶ ገንዘቡን የሚጠይቅ ገዢ አለ። በተቃራኒው አካሄዱ ዝግ ያለ ረጅም ጌም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ገዢውን ካልያዘ ይመለሳል። ጌሙን ለዚህ ሲባል በከንቱ ማርዘም ግን መጥፎ ምክር ነው። አጭር ጌም ርዝመቱን በግልጽ ጽፎ በሚመጥነው ዋጋ ቢሸጥ የሚመለስበት ቁጥር ይቀንሳል፤ ለረጅሙ ደግሞ ምርጥ ነገሩን ሠሪው ከለመደው ቦታ ትንሽ ቀደም አድርጎ ማምጣት ይረዳዋል።

ጌሜ ውድቅ ተደርጓል፤ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መጀመሪያ የመልሱን ዓይነት ይለዩ። የሰነድ፣ የመብት ወይም የቴክኒክ ምክንያት ከተሰጠዎት የተጠቀሰውን አስተካክለው መልሰው ያመልክቱ፤ ይህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። መልሱ «ለደንበኞቻችን አይስማማም» የሚል ከሆነ ግን ያንኑ ጌም በዚያው ሳምንት መልሶ መላክ ዋጋ የለውም። በሌላ መደብር ያውጡት፣ የገዢዎችን አስተያየት ይሰብስቡ፣ አንድ ትልቅ ማሻሻያ ሲለቅቁ ወይም ሙሉው ቅጂ ሲጠናቀቅ አዲሱን ማስረጃ ይዘው ይመለሱ። የኦፐስ ማግነምን ውሳኔ ያስቀየረው ተጫዋቾች ጌሙን ተጫውተው ያወቁት መሆኑ ነው። በቁጣ መጻፍ ግን፣ በተለይ በአደባባይ ገምጋሚውን መዝለፍ፣ የሚቀጥለውን ጌምዎንም ይጎዳል።

ገዢ እንደመሆኔ የምወደው ዓይነት ጌም እንዲሸጥ ማድረግ የምችለው ነገር አለ?

አለ። ያልወጣን ጌም ወደ ምኞት ዝርዝር ማስገባት ለእርስዎ አንድ ጠቅታ ሲሆን ለሠሪው ግን ጌሙ በወጣበት ቀን መታየቱንና አለመታየቱን ከሚወስኑ ነገሮች አንዱ ነው። ጌሙን ከወደዱት ሁለት መስመርም ቢሆን አስተያየት ይጻፉ፤ በተለይ አስተያየቱ ገና 10 ላልሞላ ጌም። ከገበያ የጠፋ የድሮ ጌም የሚፈልጉ ከሆነ ጎግ ተጠቃሚዎች ድምፅ የሚሰጡበት ዝርዝር አለው። መደብሩ ከባለመብት ጋር ሲደራደር የሚያቀርበው አንዱ ማስረጃ በዚያ ዝርዝር ላይ ያለው የሰው ቁጥር ነው።